በአያ እንድሪስ ጠረጴዛ ላይ የነበረው የአሰብ መንገድ

ሰመራ ውስጥ ከምኖርባት ክፍል አጠገብ የብረት በርና መስኮት የሚሠራ ልጅ አለ። በቀደም ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ከጥላ ወደ ጥላ ሲያሳድድ፣ ድሪሉ ተቃጠለበት። መጀመሪያ ሰማያዊ ብልጭታ ታየ፤ ቀጥሎ ሽታው መጣ። የጋለ መዳብ፣ ያረረ ዘይት፣ መብረቅ ካለፈ በኋላ አየር ላይ የሚቀረው ዓይነት አፍንጫ የሚወጋ ነገር። ልጁ ድሪሉን መሬት ላይ ጥሎ የሻጩን ዘር ማንዘር ይራገማል። እኔ ደግሞ ወንበሬን አንስቼ ወደ ሽታው ተጠጋሁ።

«ጋሼ፣ ሞቷል እኮ! ምን ያሸቱታል?» አለኝ።

«አንተ ሥራህን ሥራ» አልኩት።

ጥሩ መልስ አልነበረም። ጥሩ መልስ ከሚመልሱ ሰዎች ጋር አላደግኩም። ግን ዓይኔን ከድኜ ስስበው ሰመራ ጠፋች። አዋሽ ሰባት፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ የአያ እንድሪስ ሻይ ቤት ጓዳ ውስጥ ነበርኩ። መስኮቱ በጆንያ ተጋርዷል። በጨለማው ውስጥ ሁለት ትንንሽ መኪኖች፣ አንዷ ቀይ፣ አንዷ ቢጫ፣ ከሆዳቸው ሰማያዊ እሳት እየረጩ ይዞራሉ።

ያኔ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይሆነኛል። የተወለድኩበትን ቀን የጻፈ ሰው የለም። እናቴ የሆቴል አንሶላ ታጥባለች፤ አባቴ የጭነት መኪና ይነዳል። ወደቡ አሰብ ነበር፤ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ አሰብ ነበር።

አያ እንድሪስ የባቲ ሰው ነው፤ ቀጭን፣ ጢሙን በሂና የሚያቀላ፣ ሲናደድ የሚስቅ። መኪኖቹን ያገኘው በስህተት ነው። ከጅቡቲ በባቡር የሚመጣ ኮንትሮባንድ ያኔ ተከፍቶ አይገዛም። ኮንትሮባንድ የሚይዘው ፊናንስ ከመድረሱ በፊት ካርቶኑን እንደታሸገ በክብደቱና በድምፁ ገምተህ ነው የምትወስደው። አያ እንድሪስ አንዱን ካርቶን አነሳ፣ ነቀነቀ፣ ብረት ሲንኳኳ ሰማ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው ብሎ ገዛ። ቤቱ ገብቶ ሲከፍተው ጥቁር የፕላስቲክ መንገድ በቁርጥራጭ፣ ሽቦ፣ እንደ ሽጉጥ በእጅ የሚያዙ ሁለት ነገሮችና እነዚያ መኪኖች ወጡ።

«ይሄን ምን ልታበስልበት ነው?» ብላ እናቴ ሳቀችበት። የሻይ ቤቱን ጨርቅም የምታጥብለት እሷ ነበረች።

«አላህ የሰጠኝን አልመልስም» አላት። «ልጅ ባለበት ከተማ መጫወቻ አይከስርም።»

እውነቱን ነው፣ አልከሰረም። ጓዳው ውስጥ የነበረውን የጨው ጆንያ አስወጥቶ በአራት በርሜል ላይ ጣውላ ደረደረ፤ በጣውላው ላይ መንገዱን ገጣጠመ። በመንገዱ መሐል ሁለት ቀጫጭን ስንጥቅ አለ፤ የመኪናዋ ምላስ እዚያ ውስጥ ይገባል። ሽጉጡን ይዘህ ምላጩን ስትስብ መኪናዋ ትበራለች፤ ስትለቅ ትቆማለች። አብዝተህ ከሳብክ መታጠፊያው ላይ ዘልላ ትወድቃለች። የሀብታም ልጆች ሳንቲም ይከፍላሉ። እኔ ውሃ እቀዳለሁ። አንድ ጀሪካን ውሃ ለሻይ ቤቱ፣ አንድ እሽቅድምድም ለእኔ። በዚያ ከተማ ውሃ ከሳንቲም አያንስም፤ ስለዚህ ማንም የበታች አድርጎ አላየኝም። ቢያየኝም አልገባኝም።

መብራቱ የከተማው መብራት አልነበረም። አያ እንድሪስ ሁለት አሮጌ የመኪና ባትሪዎች ነበሩት። አንዱ ጓዳ ውስጥ መኪኖቹን ሲያዞር፣ ሌላው በአንድ ሹፌር መኪና ላይ ታስሮ በአሰብ መንገድ ወደ ሚሌ ይሄዳል፤ መንገድ ለመንገድ ተሞልቶ በሌላ ሹፌር መኪና ይመለሳል። ክፍያው ሻይ ነው። በዚያ መንገድ የሚመላለስ ሹፌር ሁሉ የእኛን ባትሪ አንድ ቀን ሳይሸከም አልቀረም። እኔ ደግሞ ባትሪው መንገዱን ጠጥቶ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ሚሌ የደረሰ ባትሪ ሚሌን ያውቃል፤ ለዚህ ነው መኪኖቹ መንገድ የማይሳሳቱት እል ነበር።

ጠዋት ባትሪው ትኩስ ነው፤ መኪኖቹ እንደ ንብ ይጮሃሉ። ከሰዓት በኋላ ይደክማል። ያን ጊዜ ሌሎቹ ልጆች ይሰለቹና ይወጣሉ፤ እኔ እቀራለሁ። መኪኖቹ ቀስ ይላሉ፤ ድምፃቸው ይጠፋል፤ ብልጭታው ብቻ መንገዱን እየዳሰሰ ይሄዳል። ከውጭ የሻይ ብርጭቆ ሲንኳኳ፣ ባቡር ሲያናፍስ፣ አንድ ሰው ስለ ግመል ሲከራከር ይሰማል። አገጬን ጣውላው ላይ አስደግፌ በመኪኖቹ ቁመት አያለሁ። በዚያ ቁመት ስታየው ጣውላ የለም፣ ጓዳ የለም። መንገድ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ እንዲያ ያለ ረጅም ከሰዓት በኋላ አልገጠመኝም።

አያ እንድሪስ ለመንገዱ ስም ካላወጣሁ አለ። የባቡር ጣቢያውን ጸሐፊ ጠርቶ በነጭ ቀለም በየመታጠፊያው አስጻፈ። አዋሽ፣ አዋሽ አርባ፣ ገዋኔ፣ አዳይቱ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ሰርዶ። ጥጉ ላይ፣ መንገዱ በሰፊው የሚዞርበት ቦታ፣ አሰብ። ከዚያ ወዲያ ያለው ጎን ባዶ ቀረ። አያ እንድሪስ ባዶ ነገር አይወድም።

«አዲስ አበባን፣ ናዝሬትን፣ መተሐራን ጨምርበት» አለው።

«አያ እንድሪስ፣ በዚህ በኩል እኮ አይደለም» አለ ጸሐፊው ብሩሹን ይዞ።

«መኪናው ይዙርልኝ እንጂ ማን ካርታ ሥራልኝ አለህ?»

ጸሐፊው ትከሻውን ነቅንቆ ጻፈ። ስለዚህ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ከአሰብ ቀጥሎ አዲስ አበባ ናት፤ ከመተሐራ ቀጥሎ ደግሞ ተመልሶ አዋሽ። እኔ ማንበብ አልችልም፤ ግን ስሞቹን በመታጠፊያቸው አወቅኋቸው። አዳይቱ ቀይዋ መኪና ሁልጊዜ የምትወድቅበት ነው። ሰርዶ ፕላስቲኩ የተሰነጠቀበት ነው። በሎጊያና በሰርዶ መካከል ያለው ቀጥ ያለ ቦታ ስም አልነበረውም። አሁን የምኖረው እዚያ ስም ያልነበረው ቦታ ላይ ነው።

የጸሐፊው ልጅ ተካ ይባላል፤ ተማሪ ነው፤ ቢጫዋ መኪና የእሱ ናት።

«ማንበብ ሳትችል የት እንደደረስክ በምን ታውቃለህ?» ይለኛል።

«ከአንተ ፊት እንደሆንኩ አውቃለሁ» እለዋለሁ።

«እስቲ ይሄ ምን ይላል?»

«ገዋኔ።»

«ፊደሉን አሳየኝ፣ ገ የትኛው ነው?»

«ገ እኔ ምን ያደርግልኛል! ሳብ፣ ምላጩን ሳብ!»

አያ እንድሪስ ከበሩ ላይ ሆኖ «ሳትጣሉ፣ ቢስሚላሂ ብላችሁ ጀምሩ!» ይላል። ተካ በስመ አብ ይላል፣ እኔ ቢስሚላሂ እላለሁ፣ ሁለታችንም እንወድቃለን።

አያ እንድሪስ አንድ ጥብቅ ሕግ ነበረው። መኪና ወደ ኋላ አይዞርም። ከመኪናዋ ሆድ ሥር ኤሌክትሪክ የምትስብበት የመዳብ ጭራ አለ፤ ወደ ኋላ ከሄደች ይገለበጥና ይላጣል። «ወደ ኋላ ሐራም ነው!» ይል ነበር። «ከአዋሽ የወጣ በገዋኔ ይወጣል፣ በመተሐራ ይገባል። ሌላ የለም።»

እኔም አመንኩ። ለምን አላምንም? አባቴም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው። ሁልጊዜ በገዋኔ በኩል ወጥቶ ይሄዳል፤ ሁልጊዜ በመተሐራ በኩል መጥቶ ቤት ያድራል። በኋላ እንደገባኝ ነገሩ ሌላ ነው። ከአሰብ ጭኖ ሲመለስ በኮንቮይ ስለሚያልፍ አይቆምም፤ እኔም አላየውም። አዲስ አበባ አራግፎ ባዶውን ሲወርድ ነው የሚያድረው። ይህን ለልጅ የሚያስረዳ ሰው አልነበረም። ሰው አንድ ልጅ ምን እንደሚያስብ የሚጠይቀው ልጁ ካለቀሰ ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ አላለቅስም ነበር። ከገዋኔ በኩል የሚመጡትን መኪኖች ሳይ የእነሱ ቤት በዚያ በኩል ነው፣ እነሱም የራሳቸውን ዙር እየጨረሱ ነው ብዬ አልፌአቸዋለሁ።

አባቴ ትልቅ ሰው ነበር፤ ወይም እኔ ትንሽ ነበርኩ። ናፍታና ብርቱካን ይሸታል። ሲያድር ጓዳ ድረስ ይዞኝ ይመጣና ከእኔ ጋር ይሽቀዳደማል። ያን ሁሉ መንገድ መሪ የሚያዞር እጁ ምላጩን አብዝቶ ይስባል፤ አዳይቱ ላይ ይወድቃል፤ አያ እንድሪስ «አንተ ነህ የመንግሥት ጭነት የምትነዳው?» እያለ ይስቅበታል።

አንድ ጠዋት ሊሄድ ሲል ቁጢጥ ብሎ ትከሻዬን ያዘ።

«ኑሩ፣ ስማኝ። አሁን አሰብ እወርዳለሁ። ጭኜ ስመለስ አዲስ አበባ እወስድሃለሁ። እህቴ ጋ ትቀመጣለህ፣ ትምህርት ቤት ትገባለህ። ተነጋግረን ጨርሰናል። ግን ጭነት ይዤ ብዙ አልቆምም፤ ሻይ እስክጠጣ ነው ጊዜህ። ተዘጋጅተህ ጠብቀኝ፤ እሺ?»

«እሺ አባባ።»

«ካጣሁህ ትቼህ ነው የምሄደው።»

«አታጣኝም።»

እናቴ ከሆቴል በተጣለ የትራስ ልብስ ቦርሳ ሰፋችልኝ። ውስጡ ሱሪ፣ ሸሚዝ፣ ሳሙና አደረገችበት። ትምህርት ቤት የሚለው ቃል ሌት ተቀን አፏ ላይ ነበር። «እንደ እኔ በጣትህ አትፈርምም» ትለኛለች። እኔ ግን የማስበው ባሕሩን ነበር። በጠረጴዛው ላይ ወደ አዲስ አበባ የሚኬደው በአሰብ በኩል ነዋ። አባቴ በመተሐራ መጥቶ ያነሳኛል፣ ገዋኔን፣ ሚሌን፣ ሰርዶን አልፈን ባሕሩ ዳር እንደርሳለን፣ ከባሕሩ ቀጥሎ ትምህርት ቤቱ አለ። አያ እንድሪስን የባሕር ውሃ ለሻይ ይሆናል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «ጨው ነው እንጂ ምን ይሆናል፤ ደግሞ አንተ ብትሄድ ማን ይቀዳልኛል?» አለና ራሴን ዳበሰኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃዬን ቀድቼ፣ ተሽቀዳድሜ ስጨርስ፣ ቦርሳዬን ይዤ በመተሐራ በኩል ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለች ግራር እሄዳለሁ። ከሥሯ ቁጭ ብዬ መንገዱን አያለሁ። አስፋልቱ በሙቀት ይቀልጣል፤ ከሩቅ ውሃ ይመስላል። መኪና ከዚያ ውሃ ውስጥ ጎማ ሳይኖረው ይወጣል፤ ቀስ በቀስ ጎማ ያወጣል። ሁሉንም አባቴ ነው እላለሁ፤ ሲቀርብ አይደለም። አልከፋኝም። መጠበቅ የሚጥምበት ዕድሜ ነበር።

ለሻይ ቤቱ የግመል ወተት የሚያመጣ ሁመድ የሚባል አፋር ነበር። ሁመድ ዝም ብሎ ወሬ አያወራም። አፋር ከአፋር ጋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ያየውን፣ የሰማውን ሁሉ ሳይጨምር ሳይቀንስ ያስረክበዋል፤ ዳጉ ይሉታል። ሬዲዮ ሊዋሽ ይችላል፤ ዳጉ አይዋሽም። አንድ ቀን ጠዋት ወተቱን አስቀምጦ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ አፉን ጠርጎ ሲጨርስ ወደ እኔ ዞረ።

«የሹፌሩ ልጅ፣ አባትህን እኔ አላየሁም። ያየው ሰው ነገረኝ። መኪናው አዳይቱ አደረ። ጎማ ቀየሩ። ጭነት አለው፣ ከኋላውም ከፊቱም ሌሎች መኪኖች አሉ። ሰውየው ደህና ነው። ራሱን አላመመውም፣ እግሩን አላመመውም። ዛሬ ይነሳል።»

ከዚህ የበለጠ ትክክለኛ ወሬ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም።

ወደ ጓዳ ሮጥኩ። ጣቴን አዳይቱ ላይ አደረግኩ። ቀይዋን መኪና አንስቼ እዚያው አስቀመጥኳት። ባትሪው ከትናንት የደከመ ነበር፤ አዲሱ ገና አልመጣም። ምላጩን ሳብኩ። ተነቃነቀች፣ ቆመች፣ እንደገና ሄደች። ሚሌ ደረሰች። ሎጊያ። ያን ስም የለሽ ቦታ በእንቅልፏ እንደምትሄድ ሁሉ አለፈችው። ሰርዶ ስንጥቁ ላይ ትንሽ ዘለለች። አሰብ ላይ በሰፊው ስትዞር እኔም አብሬ አንገቴን አዞርኩ፤ የባሕሩ ነፋስ የነካኝ መሰለኝ። አዲስ አበባ። ናዝሬት። ብልጭታዋ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ እንደ ክብሪት ጫፍ ሆነ። መተሐራ ደረሰች። አባቴ ገና ያን ሁሉ ይቀረዋል አልኩ። ደስ አለኝ እንጂ አልቸኮልኩም።

አያ እንድሪስ ራሱን በበሩ አስገባ። «ኑሩዬ፣ ሁመድ ያለህን አልሰማህም? ምን ትሠራለህ እዚህ?»

«ገና ነው እኮ አያ። ገና አዳይቱ ነው።»

«አዳይቱ ካደረማ ደረሰ በለው! ተነስ፣ ቦርሳህን ያዝና ጠብቅ!»

ነጋዴ ሁልጊዜ ይቸኩላል ብዬ አሰብኩ። ግን ታላቅ ነው፣ ታዘዝኩ። ቦርሳዬን ያዝኩ። ወጥቼ ወደ ግራሯ ሄድኩ።

ከተማ ውስጥ የሆነውን እናቴ ናት የነገረችኝ፤ ብዙ ጊዜ፣ በየዓመቱ፣ በተናደደች ቁጥር። ኮንቮዩ በገዋኔ በኩል ገባ። አባቴ ሻይ ቤቱ በር ላይ አቁሞ ወረደ። «ልጁስ?» አለ። እናቴ ከነአረፋ እጇ መጥታ ስሜን ጠራች። አያ እንድሪስ ጓዳውን አየ፣ የውሃ ቦኖውን አየ። ተካን «ሮጠህ ፈልገው!» ብለው ላኩት። ተካ የሮጠው ወደ አዋሽ አርባ ነው። ማንን ልውቀስ? ጤነኛ ሰው ከአሰብ የሚመጣ መኪና በመተሐራ በኩል አይጠብቅም። አባቴ ሻዩን ጠጣ፤ ሁለተኛ አዘዘ፣ እሱንም ጠጣ። ከፊት ያሉት ተነሱ። ከኋላ ያሉት ጥሩንባ ነፉ። «ነግሬው ነበር» አለና ወጣ።

ሁለተኛ ዕድል አልነበረም። ለምን እንዳልነበረ አልጽፍም፤ የሌላ ዘመን ነገር ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጺሜ ሸበት ማለት ሲጀምር፣ እዚሁ ሰመራ፣ ልጆቼ ሊሆኑ ከሚችሉ ሰዎች ጋር በማታ ክፍል ነው። አንዳንዴ ሹፌር የሆነ ሰው ሳገኝ እጠይቃለሁ። በኮንቮይ መሐል ሆነህ መንገድ ዳር የምታውቀው ልጅ ብታይ ትቆማለህ? ኮንቮይ አይቆምም፣ ከኋላህ ያለው ይገባብሃል ይሉኛል ሁሉም። ይሁን። መኪና ፍሬን እንዳለው ግን አውቃለሁ።

ያን ቀን ግራሯ ሥር እንደተቀመጥኩ ኮንቮዩ ከጀርባዬ፣ ከከተማው በኩል መጣ። ረጅም ነበር፤ መሬቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ቦርሳዬን እቅፌ ውስጥ አድርጌ አንድ በአንድ ሲያልፉ አየሁ። ከመሐል አንዷ ኤንትሬ የጭነት መኪና ከነተሳቢዋ መጣች። ብርቱካንማ ናት። ሸራዋ ላይ ከነጭ አንሶላ የተቆረጠ ትልቅ መጣፊያ ተሰፍቶበታል፤ እናቴ የአባቴን ሸራ የጣፈችው ልክ እንደዚያ ነበር። የእነዚህም ልጅ እናት አንሶላ ታጥባለች ማለት ነው አልኩ በልቤ። ረዳቱ በመስኮቱ ግማሽ አካሉን አውጥቶ ወደ እኔ እጁን አወዛወዘ፤ አፉ ይንቀሳቀሳል፤ የሞተሩ ድምፅ ግን ሁሉንም ውጦታል። የማያውቀውን ልጅ ሰላም የሚል ደግ ሰው ነው። ተነስቼ እኔም እጄን አወዛወዝኩለት፤ እስኪደክመኝ ድረስ። መኪናዋ ሄደች፣ አነሰች፣ አስፋልቱ ላይ ካለው ውሃ ውስጥ ገብታ ጎማዋን አጣች። የኋለኞቹ ደግሞ የመንገዱን ዳር አቧራ አስነሱት፤ ወደ መተሐራ ምንም አልታይ አለኝ። ተናደድኩባቸው። አባቴ የሚመጣበትን መንገድ ጋረዱብኝ።